ሰባት ወንበር

በፋብሪካችን ሰርቪስ ውስጥ ወንበር እንደ ርስት ነው። ቁጥር አልተጻፈበትም፣ የሚያስከብረው ደንብም የለም፤ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። ሰው ሳይታመም፣ ፈቃድም ሳይወጣ ተከታታይ ቀናት ከቀረ ወንበሩን ከኋላው ያለው ይወርሳል፤ የዚያን ደግሞ ከእሱ ኋላ ያለው። አዲስ የተቀጠረ ሰው ከመጨረሻው ጥግ፣ ጎማው ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶ ካበጠበት ቦታ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር ወሽቆ ይጀምራል።

እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ዝም ብዬ ገብቼ ከሹፌሩ ኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ሩቅ አገር ብዙ ዓመት ተምሬ የተመለስኩ ሰሞን ነው። ፋብሪካው ጠርሙስ ያመርታል፤ የተቀጠርኩት የእቶኑን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ሥርዓት እንድሠራ ነው፣ ያውም በውጭ አገር ሰው ደሞዝ። ስቀመጥ አውቶቡሱ ጸጥ አለ። አንዲት ቀጭን ሴት፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ወንድም፣ እሱ እኮ የእትዬ ወንበር ነው» አለኝ አንድ ሰው ከኋላ።

«ይቀመጥ፣ እንግዳ ነው» አሉ ሴትየዋ። «ግን ፈቀቅ በል ልጄ፤ መስኮቱ የኔ ነው።»

አጠገባቸው ይቀመጥ የነበረው ሰው በዚያው ሳምንት ጡረታ ወጥቶ ነበርና ቦታው ለኔ ቀረ። ከኋላ ያሉት ለወራት አጉረመረሙ። ስሜም እንግዳው ሆኖ ቀረ። ዓመት ካለፈኝ በኋላም እንግዳው ነበርኩ።

እትዬ የሚሠሩት ፍተሻ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ነጭ መብራት ከጀርባው በሚበራ መስታወት ፊት ተቀምጠው የሚያልፉትን ጠርሙሶች ያያሉ፤ አረፋ የያዘውን፣ የተሰነጠቀውን፣ አንገቱ የጠመመውን እየለቀሙ ይጥላሉ። ማታ ሰርቪስ ሲገቡ ዓይናቸው ደም መስሏል። ገና ከፋብሪካው በር ሳንወጣ ይጨፍኑታል። ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ እንደ እንጨት ደርቄ ነበር የምሄደው። በተማርኩበት አገር ባቡር ውስጥ አጠገቤ ያለ ሰው ሲያንቀላፋ ጭንቅላቱን ወደ ገዛ ደረቱ ነበር የሚጥለው። ኋላ ግን ለመድኩት። ቤቴ ስደርስ ያ ትከሻዬ ለብቻው ይሞቃል። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማንም ቆሞ የማያይበት በረንዳ። ቀኑን ሙሉ ሰው የነካኝ እዚያ ትከሻዬ ላይ ብቻ ይሆን ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም ቢሆን አጥርቼ አልነገርኩትም።

መኪና እንድገዛ መጀመሪያ የነዘነዘችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው።

«ለመሆኑ እስካሁን በዚያ አውቶቡስ ነው የምትሄደው?» ትለኛለች በስልክ።

«አዎ እታለም።»

«ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ? እኔ እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ደህና ነው በያቸው።»

«ደህና የሆነ ሰውማ መኪና ይኖረዋል።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ ይላል። «ደግሞስ መኪና ቢኖርህ በየእሁዱ ብቅ ትልልኝ ነበር። ናፍቀኸኝ ሞትኩ እኮ፣ አንተ ልጅ።»

በሰርቪሱም ውስጥ የኔ መኪና አለመግዛት የጋራ ጉዳይ ነበር። ከሁሉ የባሰው ራዲዮ ነው። ራዲዮ ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ አፉ ስለማይዘጋ ነው ስሙን ያገኘው።

«እንግዳው፣ በናትህ እውነቱን ንገረን» አለ አንድ ቀን ማታ፣ ከኋላ ወንበሬን ተደግፎ። «ደሞዝህን ትቀብረዋለህ ወይስ ትበላዋለህ? እንደማትበላውማ ከሰውነትህ አይተናል።»

አውቶቡሱ ሳቀ።

«ተወው ልጁን» አሉ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ፤ በዝናብም በፀሐይም ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ናቸው። «አዲስ መኪና ማለት እኮ ከመሸጫው ወጥቶ አስፋልት ሲረግጥ አሮጌ የሚሆን ዕቃ ነው። ሰው እንዴት በገዛ ገንዘቡ ኪሳራ ይገዛል? ቢያንስ ሌላ ሰው የከሰረበትን ይግዛ።»

«ስሟቸው! እኚህ ሰውዬ እኮ ጫማም የሚገዙት ሌላ ሰው ከከሰረበት በኋላ ነው።»

«ጫማዬን ተው። አንተ ደሞዝ በወጣ በሳምንቱ ሻይ ጋብዙኝ የምትለኝ ሰው ነህ።»

«ድሃ ስለሆንኩ ነዋ! የሱን ደሞዝ ባገኝ እኔ መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ቤት። ቤት ውስጥ ማን ያይሃል? ወጣት ሆነህ፣ ገንዘብ ኖሮህ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ በሰፈርህ ካላለፍክ ምኑን ኖርከው? ስታረጅ ልትነዳ ነው?»

«እኔ ታዲያ ምን እያደረግሁ ነው?» ብለው ጮኹ ከፊት ሹፌራችን። ጋሼ ቀስበቀስ ነው የምንላቸው።

«ለዚህ እኮ ነው ጋሼ፣ ጋሪ የሚቀድመን!»

ሳቁ ሲበርድ፣ የተኙ የመሰሉኝ እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ። «ይግዛ። ልጅ ነው፤ ገንዘቡም የላቡ ነው። አሁን ካላማረው መቼ ሊያምረው ነው?» ቀጥለውም «ግን የት ሊሄድበት ነው?» አሉ።

ሁሉም መልሴን ጠበቀ። ከቤት ወደ ሥራ ነው የምሄደው፣ ከሥራ ወደ ቤት። ሰርቪሱም የሚሄደው እዚያው ነው።

«እህቴ ጋ» አልኩ።

«ይኸው፣ እህት አለችው!» አለ ራዲዮ፣ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ።

መኪና ለመግዛት የወሰንኩት ግን በነሱ ምክንያት አይደለም። የእቶን ጡብ ሊሸጡልን ከመጡ ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርን። ወሬው ረዘመ፤ የሰርቪሱ መውጫ ሰዓት ደረሰና ወረቀቴን ሰብስቤ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው።»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከጥርሳቸው አላለፈም። በማግስቱ ቢሯቸው ጠርተው «ያንን ሁሉ ደሞዝ የምንከፍልህ እኮ ሰውም እንዲያይልን ነው» አሉኝ። ቃሉ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲንጫጫ ዋለ። ያኔ ልክ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ልክ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም።

መሸጫው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ከመኪኖቹ እኩል ያበራል። ሻጩ እኩያዬ የሚሆን፣ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ ልጅ ነበር።

«ወንድሜ፣ አምስት ሰው የሚይዘውን ነው ሰባት?»

«ሰባት» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር።

«ጎሽ! ልጆች ስንት ደረሱ?»

«ልጅ የለኝም።»

«እና ባለቤትህ...»

«አላገባሁም።»

ሻጩ ሥራውን ያውቃል፤ ፊቱን ቶሎ አስተካከለ። «ይመጣሉ» አለ፣ የኋላውን በር እየከፈተልኝ። «ወንበሩ ካለ ሰው አይጠፋም።»

እውነት ለመናገር፣ የገዛሁት ይህቺን ቃል ነው። መኪናው አብሯት መጣ።

የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ይዤ ሰርቪስ የምንጠብቅበት ቦታ ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ። ራዲዮ «ማነው?» ብሎ ጎንበስ ሲል አወቀኝና እልል ሊል ምንም አልቀረው። በሩን ዳሰሰ፣ መስታወቱ ላይ ፀጉሩን አስተካከለ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ እንኳ ጃንጥላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ጨበጡኝ፤ የጨበጡኝ ግን ሐዘን እንደሚያጽናኑ ነው።

«በሉ ግቡ!» አልኩ። «ስድስት ሰው ይይዛል።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ስድስት ሰው ትወስዳለህ» አሉ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ፣ «የቀረነው ምን በድለንህ ነው?»

«በየተራ ነዋ! ዛሬ እነዚህ፣ ነገ እነዚያ።»

«እና ወንበሬን ማን ይጠብቅልኛል?» አለ ራዲዮ። «ከኋላዬ ያለውን ታውቀው የለ፤ ሳስነጥስ እንኳ የሞትኩ እየመሰለው ተስፋ ያደርጋል።»

ወደ እትዬ ዞርኩ። «እርስዎ ይግቡ እንጂ። እዚህ ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል።»

እጃቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። አዲሱን ሽታ አሸተቱና ፈገግ አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ያምራል። ወገቤ ግን እዚያኛውን ለምዶታል። እሱን ለቅቄ፣ አንተ ደግሞ ነገ ስታገባ፣ በስተርጅና ጎማው ላይ ልቀመጥልህ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። በሳቁ መሃል ሰርቪሱ መጣ፤ እነሱ ገቡ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። መንገዳችን አንድ ነው፤ ቀድሜያቸው መሄድ እችል ነበር፤ አልቀደምኩም። በየጠዋቱ ከሰርቪሱ ኋላ እነዳለሁ። በኋላው መስታወት ጭንቅላቶች ይታዩኛል። አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይናጋሉ፤ ሳቅ ነው። በምን እንደሳቁ ግን አላውቅም። መኪናዬ በደንብ የተሠራ ስለሆነ የውጭ ድምፅ አያስገባም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራዲዮ እጁን ያውለበልብልኝ ነበር። ኋላ ተወው። እኔ በነበርኩበት፣ ከእትዬ አጠገብ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ያሰረች ልጅ ተቀምጣለች፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት።

አንድ ቀን መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ጋሼ ቀስበቀስ ወርደው መስኮቴን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አይፈጥንም እንዴ?»

«ይፈጥናል ጋሼ።»

«ታዲያ እለፈኝ እንጂ! ከኋላዬ ባየሁህ ቁጥር የትራፊክ አለቃ እየመሰልከኝ ልቤ ቀጥ ሊል ነው።»

ማታ ማታ ቦርሳዬን ጋቢና ላይ ወርወር ሳደርግ መኪናው ይጮኻል። ቦርሳውን ሰው መስሎት ቀበቶ ይሰር ማለቱ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እችል ነበር። ግን ስሰነብት ቀበቶውን አስሬለት መሄድ ጀመርኩ።

እህቴ ጋ የሄድኩት በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ ነው። መኪናውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎረቤቶቿን ጠራች። ደህና ጫማዋን አድርጋ ጋቢና ገባችና የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ሰፈሩን አንድ ጊዜ አዞርኳት፤ ለሚያውቋትም ለማያውቋትም ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ ቤት ገብተን ተቀመጥን። መቀመጥ ካልነው ነው እንጂ፣ በየደቂቃው እየተነሳች በመስኮት ታያለች።

«እነዚህ ልጆች ኳሳቸውን ሌላ ቦታ አይጫወቱም?»

«ተያቸው እታለም። ነይ ቁጭ በይ፤ እናውራ።»

«ቧጭረውት ብታይ ታለቅሳለህ። የወንበሩን ላስቲክ ደግሞ እንዳታነሳው፤ ይቆይ።»

ቀድሞ በአውቶቡስ ስመጣ ለመመለሻ ስለማልደርስ ማደሬ ግድ ነበር። ሳሎኗ ውስጥ ሶፋው ላይ ታነጥፍልኛለች፤ እሷ ከመኝታ ቤቷ፣ እኔ ከሶፋው፣ እንቅልፍ እስኪጥለን እናወራለን። ያን ቀን ግን ፀሐይ ገና ሳያዘቀዝቅ ተነሳች።

«በል ሳይመሽ ሂድ።»

«ላድር ነው እኮ የመጣሁት።»

«ይሄን ንብረት ደጅ አሳድረህ? እንቅልፍ ይወስደኛል ብለህ ነው? ሂድ የኔ ጌታ፤ ስትደርስ ደውል።»

በረንዳዋ ላይ ቆማ ሸኘችኝ። ታብስ የነበረው ዓይኗን ነው፤ ደስታ ይሁን ሌላ፣ በመስታወቱ ሳያት አልለየሁትም።

አንድ ጠዋት ለሥራ ጉዳይ ፍተሻ ክፍል ገባሁ። በነጩ መብራት ፊት፣ በእትዬ ቦታ፣ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

«እትዬስ?» አልኳት።

ከጠርሙሶቹ ዓይኗን ሳትነቅል «አልሰማህም እንዴ?» አለች። «የዓይን ኦፕራሲዮን አድርገው ተኝተዋል እኮ። ይኸው ሳምንት አለፋቸው። ሰርቪሱ ሁሉ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ጋሼ ቀስበቀስ ከሥራ መልስ አውቶቡሱን እንዳለ ወደሳቸው ቤት አዙረውት፣ ሰፈሩ ሠርግ መስሎት ወጣ አሉ።»

ያን ሳምንት በሙሉ ከኋላቸው ስነዳ በሁለተኛው መስኮት ጭንቅላት አይቻለሁ። የእትዬ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጅቷ ናት፤ ቦታቸውን እየጠበቀችላቸው። ከኋላ ሲታይ የሰው ጭንቅላት ይመሳሰላል። ሰባት ወንበር ያለው መኪና ይዤ ማንም «አንተስ አትመጣም?» አላለኝም። ስለጠሉኝ አይደለም። ሰርቪሱ ውስጥ ስለሌለሁ ነው። ወሬው የሚነገረው እዚያ ነው፤ እዚያ ከሌለህ የለህም።

በዚያው ቀን ማታ ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ታስሯል። ስሜን ስናገር «እንግዳው!» ብለው እጄን ያዙ። አልጋቸው አጠገብ ያለውን ወንበር የእህታቸው ልጅ ይዛዋለች፤ ቆሜ አጽናናኋቸውና ወጣሁ።

እትዬ ወደ ሥራ ይመለሳሉ በተባለበት ሰኞ ጠዋት፣ መኪናዬን ከፎቃችን ግቢ ጥግ አስጠግቼ ሸራ አለበስኩት። ከዚያ በእግሬ ወደ ሰርቪስ መጠበቂያው ሄድኩ።

«እንዴ!» አለ ራዲዮ። «መኪናውስ?»

ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረም። «ጋራዥ ገብቶ ነው» አልኩ።

አንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ።

«አዲሱ? ገና ላስቲኩ ያልተነሳው?»

«አላልኩም?» አሉ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ፣ ጃንጥላቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው። እንደዚያ ፊታቸው በርቶ አይቻቸው አላውቅም። «አላልኩም ወይ? አስፋልት ሲረግጥ!»

«ኧረ ሸወዱህ የኔ ወንድም!» አለ ራዲዮ፣ ትከሻዬን አቅፎ። «ከውጭ ሲታይ እንደ ሙሽራ፣ ውስጡ በሽተኛ! ምኑን ነው ያመመው?»

«ማርሹን» አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣውን።

«ወይኔ፣ ማርሽማ ከሆነ ልብ ማለት ነው።»

ሰርቪሱ ሲመጣ እየገፈታተሩ አስገቡኝ። ወንበሬ የልጅቷ ሆኗል፤ ማንም ተነሽ አላላትም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከመጨረሻው ጥግ፣ ከጎማው እብጠት ላይ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር ወሽቄ ተቀመጥኩ። እትዬ ጥቁር መነጽር አድርገው ከፊት ነበሩ። ጋሼ ቀስበቀስ በመስታወታቸው አይተውኝ «እሰይ፣ የትራፊኩ አለቃ ታሰረ!» አሉና ያ አሮጌ አውቶቡስ በሳቅ ተናጠ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ እኔም ነበርኩበት።

ከዚያ ወዲያ ውሸቱን በየቀኑ መቀለብ ነበረብኝ። ዕቃው ከውጭ ታዘዘ አልኩ። የመጣው ዕቃ ሌላ ሆነ አልኩ። ሰዎቹ መኪናዬን እያነሱ ሲረግሙልኝ፣ የሚያውቁትን ጋራዥ ሁሉ ሲጠቁሙኝ፣ ራዲዮ የአጎቱን ልጅ መካኒክ ሊልክልኝ ሲነሳ፣ አፍራለሁ። ግን አፌን አልከፍትም። ለእህቴም በስልክ ያንኑ ስነግራት «ውይ! እንግዲህ በአውቶቡስ ትመጣለሃ፤ ሶፋውን አነጥፍልሃለሁ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ሐዘን ፈልጌ አጣሁ። ማታ ቤቴ ስገባ በግቢው ጥግ የቆመው ሸራ የለበሰ ነገር በጨለማ ውስጥ ያኮረፈ ሰው ይመስላል። አልቀርበውም።

ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስንወጣ እትዬ የፋብሪካው በር ጋ ጠበቁኝ። እስኪሻላቸው ማሸጊያ ክፍል ተመድበዋል። መነጽሩን አውልቀዋል፤ ቅላቱ ጠፍቶ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል፣ ንጹሕ።

«ትናንት ለሐኪሙ ልታይ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ክሊኒኩ እናንተ ሰፈር ነው። በናንተ ግቢ በኩል አለፍኩ።»

«እትዬ...»

«ሸራ ለብሶ አየሁት። ጎማው ሥር ቅጠል ተጠራቅሟል።»

ራዲዮ ከፊት ሆኖ ስለ ፎርክሊፍቱ ለሰው ይተርካል፤ ጋሼ ቀስበቀስ ሞተር አስነሱ። እትዬ ደረጃውን ለመውጣት ክንዴን ያዙ፤ ቀላል እጅ ነው፣ ጭንቅላታቸውም እንዲሁ ቀላል ነበር።

«ወንበርህን ግን አልመልስልህም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጅቷ ትከሻዋ ሥጋ አለው፤ ያንተ አጥንት ነበር።» አንድ ደረጃ ወጡና ቆሙ። «ለጋራዡ ግን ንገረው፤ አይቸኩል።»

ገብተው መስኮታቸው ጋ ተቀመጡ። እኔ በሰው መሃል ተሽሎክልኬ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ጎማው ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አቀፍኩ። ገና ከበሩ ሳንወጣ የእትዬ ጭንቅላት ወደ ልጅቷ ትከሻ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ።

«እንግዳው!» ብሎ ጮኸ ራዲዮ ከመሃል። «ዛሬስ ጋራዡ ምን አለ?»

ሁሉም ዞሩ።

«ገና ነው» አልኩ። «ዕቃው አልደረሰም።»